ዘብን ለእኛ ሲሉ ስለመሸጥዎ

ካልጋሪ፣ ኅዳር 1997 እ.ኤ.አ.

ለክቡር አቶ ገረመው፣
የዘብ ሶፍትዌር መሥራችና የቀድሞ ባለቤት

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም በጤና መሰንበታችሁን፣ መኪናዎም በዚህ ብርድ ያለ ችግር መነሣቷን እመኛለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ኢንተርናሽናል አቬኑ ላይ ፀጉሬን ለመስተካከል ወረፋ ስጠብቅ፣ አንዱ ወጣት ለጓደኛው «ጋሽ ገረመው እኮ ካምፓኒውን የሸጠው ለእኛ ብሎ ነው» ሲል ሰማሁ። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ከመሬት ተነሥቶ አይናገርምና አመንኩ፤ ይህ ደብዳቤም ምስጋና ነው። ካምፓኒውን እስከሸጡበት እስከ መጋቢት ድረስ «አንተ» እያልኩ በመጥራቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ስላሳደጉን አመሰግናለሁ፤ ወይም ስላሳደግንዎት፣ ሽያጩን የዘገበው ጋዜጣ አላብራራውም። በ1991 ሜይላንድ ሃይትስ ሰፈር በቤትዎ ምድር ቤት ዘብ ያሉትን የቫይረስ ማጥፊያ መሥራት ሲጀምሩ፣ የጎደለዎት ቫይረስ ብቻ ነበር። እርሱን እኛ አቀረብን። ልጆቻችን ጌም ሲዋዋሱ ያመጡትን ሁሉ፣ በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ፣ ዲስኬቱን በፌስታል ይዘን፣ በሽተኛ እንደሚያስመረምር ሰው ደረጃዎ ላይ ተሰልፈናል። ጋዜጣው ከምድር ቤት ተነሥተው ዳውንታውን አሥራ አራተኛ ፎቅ መድረስዎን ሲያወሳ ፌስታሉን አላነሣውም። የቦታ ጥበት ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ስለ ቃልዎ። እኔ ጸሐፊ የሆንኩበት ዕድር መዝገቡን በአማርኛ የሚይዘው፣ ተማሪው ዘነበ በሠራልን የፊደል ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ኮምፒውተሩ ውስጥ ተደብቆ የምንነካውን ቁልፍ ሁሉ ይለዋውጣል፤ ቫይረስም እንዲሁ ስለሚያደርግ ዘብ ጠረጠረው። ያኔ መጥተው፣ ከማሽናችን ፊት ተቀምጠው፣ ዘብን ከፕሮግራሙ ጋር አስተዋወቁትና «ይሄ የቤት ልጅ ነው፤ ዘብ ባለበት ማንም አይነካውም» አሉን። እኛም ከዚያ ወዲያ መዝገቡን በወረቀት መያዝ ተውን።

ሦስተኛ፣ በግንቦት ከአዲሶቹ ባለቤቶች በፖስታ የደረሰንን የዘብ ማደሻ ዲስኬት እንደ ልማዳችን አስገባን። «ያልታወቀ ስጋት ተወግዷል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። የተወገደው ፊደላችን ነው። የዘነበን ዋና ዲስኬት ብናስገባ እርሱንም አጸዳው፤ ትጋቱ ያስመሰግናል። መዝገቡ አልጠፋም። የሁለት መቶ አሥር ቤተሰብ ስም ግን መስመርና የሚስቁ ትንንሽ ፊቶች ሆኗል። ቢሯቸው ስደውል፣ አንዲት ትሑት ልጅ መዝገቡን በሌላ ቋንቋ ለመያዝ አስበን እናውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

አራተኛ፣ ወልደየስ በመስከረም አረፈ። ፔንብሩክ ሜዶውስ ሰፈር ብቻውን የሚኖር ሰው ነበር። የዕድራችን አባል ሲሞት አገር ቤት መርዶው ለማን እንደሚነገር መዝገቡ ላይ ይሰፍራል፤ የእርሱንም ራሱ እየነገረኝ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ መዝገብ አለ ብዬ በቃሌ አልያዝኩትም። ከአባልነት ቁጥሩ አጠገብ አሁን ዘጠኝ የሚስቁ ፊቶች አሉ። እህቱ ደሴ ላይ መርዶዋን የሰማችው ከአርባው በኋላ፣ ከመንገደኛ ነው። ለዚህኛው የሚሆን ምስጋና እስካሁን አላገኘሁም።

ምድር ቤትዎ ደረጃ ላይ ዲስኬቴን ይዤ እንደቆምኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

መልከጼዴቅ
የዕድሩ ጸሐፊ (የእጅ ጽሑፌን ይታገሡ፤ ምክንያቱን ያውቁታል)

ድኅረ ጽሑፍ፦ በመጋቢት ሊሰናበቱን ሲመጡ፣ አዲሶቹ ባለቤቶች ፊደላችንን እንዳይነኩት የሚጠይቅ ደብዳቤ በዕድሩ ስም አዘጋጅተው ሰጥተውኝ ነበር። ይህንንም ለእኛ ብለው ይሆናል። እኔ ግን የሸጠን ሰው ባመጣው ወረቀት ላይ አልፈርምም ብዬ አስቀመጥኩት። አድራሻው ተጽፎበታል፣ ቴምብሩም ተለጥፎበታል፤ የቀረው የእኔ ፊርማ ነው። መሳቢያዬ ውስጥ አለ።