ከሰማይ ለመጣ እንግዳ

ልጄ ነጅመዲን፣ በሄድክበት ሁሉ አላህ ከፊትህ ይቅደም። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ እዚህ ቀያችን ቦሪም ዘንቧል።

እህትህ ሳጂዳ የፊልም ውድድር ገብታ፣ በሁለት ቀን ሠርተሽ አስረክቢ ተብላ፣ እኔን ተዋናይ አደረገችኝ! የውሃ ታንከራችን የጠፈር መንኮራኩር ሆነ፤ በሞተር ሳይክል ሰው የሚያመላልሰው ቦዳቦዳ ነጂው ጃርሶ ሄልሜቱን በፎይል ጠቅልሎ ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር ሆነ። "ሲወርድ ጮኸሽ ሩጪ" ተባልኩ። እንግዳ መጥቶ እንዴት እሮጣለሁ? "ሰላም ነህ? አገሩ ሰላም ነው? ከብቱ ደህና ነው? ዝናብ ጥሏል?" አልኩት። ሳጂዳ ጭንቅላቷን ያዘች፤ ደግማ እንዳትቀርጸው ሰዓቱ አልቋል። እንዳለ ላከችው።

አንደኛ ወጣን! ዳኞቹን የማረካቸው የኔ ሰላምታ ነው።

አላህ በሰላም ያገናኘን። አንተም ስትደውል "እማ፣ ቸኩያለሁ" አትበለኝ፤ እስኪ ስለ ከብቱም ጠይቀኝ።