ጤፍ የሞላው ትራስህ

ኬላ በሌለበት አገር ላለኸው ለአባብዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ወር ሊሞላ ነው። ኤንትሬ የጭነት መኪናህን ሌላ ሹፌር ይነዳታል፤ እዚህ ከተማችን ፒያሳ ላይ ጥሩምባዋ ሲጮህ እማዬ ዛሬም ብድግ ትላለች። እኔ ደህና ነኝ፤ እህል ግን አልበላ ብሎኛል። ከሐዘን ብቻ እንዳይመስልህ። ከሽማግሌዎችህ ነው።

ለአርባህ ታላቅ ወንድምህ ጋሼ መኮንን ከአዲስ አበባ መጡ። ቄሶቹ ጸበል ቀምሰው ገና ከመውጣታቸው ከጎረቤታችን ከአያ ተድላ ጋር የከተማ ክርክር ገጠሙ።

"እኛ የነገሥታት መናገሻ ሳለን እናንተ ዘንድ ጅብ ይጮህ ነበር" አሉ አያ ተድላ።

"ዛሬስ የት ነው የሚጮኸው?" አሉ ጋሼ።

ከዚያማ ማን ያቁማቸው! ጋሼ የቀበሌ ቤት ኪራዩን፣ ግቢ ድረስ የገባውን ቧንቧ፣ በሳንቲም የሚያዞረውን አውቶቡስ ደረደሩ። አያ ተድላ የበጉን ስብ፣ የደጋውን ማር፣ የጤፉን ርካሽነት። "እናንተ ቤት እኮ እግር ለመዘርጋት ጎረቤት ማስፈቀድ ነው!" ስላንተ አንድ ቃል የለም። በአርባህ ቀን የገበያ ዋጋ ተዘከረ። አንተ ሁለቱንም ከተማ በጎማህ የለካኸው፣ የቱ ይሻላል ስልህ "አንቺ ያለሽበት" ትለኝና ወዲያው "ምሳም ካለበት" ትል ነበር። ክርክሩ ሲበርድ አያ ተድላ ጠጋ ብለው "እንደው አቶ መኮንን፣ ሰው ሲመጣ ትንሽ ስኳር ቢልኩልኝ" ሲሉ ሰማኋቸው። መናገሻዋ ስኳር አልቆባታል ማለት ነው።

ይህንንስ ስቄ ባለፍኩት። ጋሼ ግን ወደ እማዬ ዞረው ልጅቷን ካልወሰድኩ አሉ። "ትማራለች፣ ሰው ትሆናለች፤ ዋና ከተማ እኮ ነው።" እማዬ አንገቷን ደፋች፤ ብቻዋን እንዴት ታሳድገኝ? ቀጥለው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "ሚስቴም ለዳቦና ለላምባ ስትሰለፍ ወገቧ አለቀ።" ትምህርት ቤቴ የዳቦ ቤቱ ደጃፍ መሆኑ ያኔ ገባኝ።

ደግሞ መታሰቢያ ይሁነኝ ብለው ትራስህን ለመኑ። "የወንድሜን ጠረን እያሸተትኩ ልተኛ" ሲሉ ቤቱ በሙሉ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። በማግስቱ ጓሮ ብወጣ ጥጥህ የዶሮ ቆጥ ሥር ተዘርግፏል፤ ጋሼ ተንበርክከው ትራሱ ውስጥ ነጭ ጤፍ ይሞላሉ። ለካ ጤፍ ይዞ ኬላ ማለፍ በመንግሥት ተከልክሏል፤ የሟች ትራስ ግን ማን ይፈትሻል! አስመለሰኝ። እውነቴን ነው፣ አጥሩ ሥር አስመለሰኝ።

መሄጃቸው ደርሶ ሁሉም ሊሸኝ ሲቆም፣ "ጋሼ፣ አንዴ አባብዬን ልሳመው" ብዬ ትራሱን አቀፍኩትና ስፌቱን በጥርሴ በጠስኩት። ጤፉ በአያ ተድላ ጫማ ላይ ሁሉ ፈሰሰ።

"ምነው አቶ መኮንን፣ እናንተ ዘንድ ሁሉ ሞልቶ የለም እንዴ?" አሉ አያ ተድላ።

እማዬ አልሳቀችም። ጤፉን አየች፣ ቀጥላ እኔን አየችኝ። "ልጄን አልሰጥም" አለች። "ወረፋውን ሚስትህ ትቁም።" አንቱታውን እንኳ ነሳቻቸው፣ አባብዬ! ጋሼ ባዶ እጃቸውን ወደ መናኸሪያ ወረዱ።

ጥጥህን ከነጭዱ ለቅሜ፣ የዶሮውን ኩስ አራግፌ መልሼ ሰፋሁት። አሁን እኔ ነኝ የምተኛበት። ናፍጣ ይሸታል፣ ትንሽ ደግሞ አንተን። ጠረኑ አንድ ቀን መልቀቁ አይቀርም። እኔ ግን አለቅህም።

ልጅህ