የወይዘሮ ዳርቱ ዱጋሳ ፊት

ወይዘሮ ዳርቱ ከአባታቸው ከአቶ ዱጋሳ ሚልኬሳና ከእናታቸው ከወይዘሮ አያንቱ ቶላ ግንቦት 12 ቀን 1948 ዓ.ም. ከእንጦጦ ማርያም ቁልቁል ባለው ሰፈር ተወለዱ። ቀበና እየተመላለሱ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በ1967 ዓ.ም. ከአቶ ከበበ ጋር ጋብቻ መሥርተው አንድ ልጃቸውን ባርኮትን አፈሩ። አቶ ከበበ ቀድመው በማረፋቸው ልጃቸውን ብቻቸውን አሳደጉ።

ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ እስከታመሙ ድረስ በእንጦጦ ተዳፋት በሚገኝ የችግኝ ጣቢያ ሠርተዋል። ሥራው ጥላ አልነበረውም። ሁለቱንም ጉንጮቻቸውን የሸፈነው ማድያት የዚያ ፀሐይ ነው፤ ባርኮት የተማረችውም በዚያው ፀሐይ ነው።

በ2001 ዓ.ም. ባርኮት ልታገባ ስትል፣ “እማዬ፣ ለፎቶው ብቻ እኮ ነው” ብላ ወደ አንድ የውበት ሳሎን ወሰደቻቸው። በዚያም ማይክሮደርማብሬዢን በሚባል፣ የላይኛውን ቆዳ በስሱ በሚፍቅ ማሽን ፊታቸው ተፋቀ። ባለሙያዋ ፀሐይ እንዳይነካቸው አጥብቃ አሳሰበች። በሦስተኛው ቀን ግን የእድር ጓደኛቸው ወይዘሮ የሺሃረግ አረፉ። ወይዘሮ ዳርቱ ቤት እንዲቆዩ ቢለመኑ፣ “የሺሃረግ አፈር ስትለብስ እኔ ፊቴን ላስታምም?” ብለው ወጡ። የሟች ልጆች ፀሐይ ላይ ቆመው ሲያለቅሱ ዣንጥላ መዘርጋት ነውር መሰላቸው፤ አጥፈው ቆሙ። ጉንጫቸው ተቃጠለ፤ ሲድንም ከቀድሞው ይልቅ ጠቆረ።

በሠርጉ ዕለት ፎቶ አንሺው የሙሽራዋን እናት ሲጠራ ባርኮት ዓይኗን ወደ አክስቷ ወደ ወይዘሮ ፀዳለ መለሰች። ወይዘሮ ዳርቱ ገብቷቸው ወደ ጓዳ ሄዱ። በአልበሙ ውስጥ በእናት ቦታ የቆሙት ወይዘሮ ፀዳለ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ሰው ባለበት ሁሉ፣ በልጃቸው ቤትም ጭምር፣ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ይከናነቡ ነበር። የእድር ሴቶች፣ “አንቺ ዳርቱ፣ የተዳረችው ባርኮት፣ የተከናነብሽው አንቺ!” እያሉ ሲቀልዱ አብረው ይስቁ ነበር። ፎቶ ግን ዳግመኛ አልተነሡም።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2009 ዓ.ም. በስድሳ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

በዚህ የሕይወት ታሪክ ወረቀት ሽፋን ላይ ያለው ፎቶ ከሠርጉ በፊት ለመሥሪያ ቤት መታወቂያ የተነሡት ነው። የፎቶ ቤቱ ሠራተኛ ሲያጎላው፣ “ማድያቱን ላጥፋላችሁ?” ብሎ ጠየቀ። ባርኮት፣ “እንዳትነካው” አለች። ይህን ቃል ወይዘሮ ዳርቱ አልሰሙትም።

ልጃቸውን ባርኮትን፣ እኅታቸውን ወይዘሮ ፀዳለንና የልጅ ልጃቸውን በአምላክን ትተው አልፈዋል። ሕፃኑ በአምላክ የአያቱን ሙሉ ፊት ያየው በዚህ ወረቀት ነው።

በፈጠረው ፊት የማያፍር አምላክ ነፍሳቸውን ይቀበል፤ ሳይከናነቡም በፊቱ ያቁማቸው።