እንዳለው የተባለው ቅኝት

ለተከበሩት እህቴ ለወይዘሮ አቻምየለሽ ዳኘው፤ ገዳሪፍ።

እታለም፣ እንደምን ከረሙ? ከታናሽዎ ከሀይሉ የተነሣ ሰላምታ ቆላውንና በረሃውን አልፎ ደጅዎ ይድረስ። ጤናዎስ እንዴት ነው? የዚያ አገር ሙቀት ራስ ምታትዎን አላባሰብዎትም? ባለቤትዎ ሥራ አገኙ? ሕፃኗ አደይስ አፏን ፈታች? እናታችን በሕይወት አሉ፤ ዓይናቸው ግን ከክረምቱ ወዲህ ደክሞ ሰው የሚለዩት በድምፅ ሆኗል። አባታችንም አሉ። አሉ ማለቴ ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ በሰንበት ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ። የምጽፍልዎት ስለ እሳቸው ነውና ባለቤትዎ ቀስ ብለው ያንብቡልዎ። ይህን የሚያመጣልዎ ነጋዴው ከድር የታመነ ሰው ስለሆነ ምንም አልደብቅም።

ታላቅ ወንድማችን እንዳለው ከአርበኞቹ ጋር ሆኖ ቋሪት ላይ መውደቁን የሰማን ዕለት፣ አፋችንን በነጠላ አፍነን አብረን ነው ያለቀስን። ለቅሶ ብንቀመጥ ጣልያን ቤቱን እንደሚያቃጥለው ያውቃሉ። ወለጋ ለንግድ ሄዷል ብለን ለሹሞቹ ነገርን፤ እርስዎም ወዲያው ተሰደዱ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው ያላዩት። አባታችን ክራራቸውን ከግድግዳው አውርደው በትዝታ ቃኙ፤ ቀጥለው አንዱን ጅማት ጥቂት ላላ አደረጉት። ሌላ ሰው ቢሆን ግማሽ ትዝታ እስከሚባለው ቅኝት ድረስ ያወርደዋል። እሳቸው ግን ከሁለቱ መሀል አቆሙት። ጆሮ መጀመሪያ ይቆረቆራል፤ ሲቆይ ሰው እያለቀሰ ቃል የሚያወጣ ይመስላል። ጮኸን ያላለቀስነውን ሁሉ በዚያ አለቀሱት።

እኔ ከመሪጌታ ዘንድ የተማርኩት ዜማ ስሙ የተቆረጠ ነው፤ ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ ተብሎ አልቋል። ማንም ተነሥቶ አራተኛ አይጨምርበትም። የክራር ግን እንዲህ አይደለም። አንዱ በአገር ስም ይጠራል፣ ሌላው በዘፈኑ፤ ስሙን የሚያወጣውም መቺው ሳይሆን የሰማው ሰው ነው። ጎረቤታችን ዓባይነሽ አንድ ቀን አጥሩ ሥር ቆመው ሲያዳምጡ ቆዩና፣ ይኸስ የእንዳለው ነው ብለው እንባቸውን ጠረጉ። ከዚያ ወዲህ መንደሩ ሁሉ ቅኝቱን እንዳለው ብሎ ጠራው። አባታችን አልከለከሉም። የልጃቸው ስም በአደባባይ የሚነሣበት ሌላ መንገድ አልነበረማ።

ከመኸር በኋላ ቡሬ ምሽጉ ውስጥ የተቀመጠው ካፒቴን፣ ድምፅ በሸክላ ላይ የሚቀዳ መኪና አስመጥቶ ክራር መቺና ማሲንቆ መቺ ሁሉ ይምጣ አለ። የአባታችንን ስም የሰጠው ማን እንደሆነ አናውቅም። አብሬያቸው ሄድኩ። አስተርጓሚው የእትዬ ኡምሀኒ ልጅ ያህያ ነበር፤ በልጅነቱ ከእንዳለው ጋር ከወንዝ የማይወጣው፣ ኋላ አስመራ ለንግድ ተመላልሶ ጣልያንኛ የለመደው። ባየን ጊዜ እንደማያውቀን ሆነ። እኛም እንደዚያው ሆንን።

ካፒቴኑ ሰው አልተቆጣም፣ ወንበርም አስመጣላቸው። ትዝታ ሲመቱ ስሙን ጠይቆ ጻፈ፤ ባቲንም፣ አንቺሆዬንም፣ አምባሰልንም እንዲሁ። ሌላ የምታውቀው የለም ወይ አለ። የለም ብለው ቢነሡ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍልዎትም ነበር። እሳቸው ግን ያንኑ ጅማት ላላ አደረጉት። ለምን ብዬ ኋላ ጠይቄያቸው፣ እጄ ሄደብኝ ብቻ ነው ያሉኝ። ካፒቴኑ ጥቂት ሰምቶ አስቆማቸው። ፊሽካ የመሰለ ነገር ከኪሱ አውጥቶ ነፋና፣ ይህ ጅማት ስቷል፣ ወይ ወደ ላይ ጥበቀው ወይ ወደ ታች ጨርሰህ አውርደው አለ። አባታችን አልሳተም፣ ቦታው ይኸ ነው አሉ። እንግዲያውስ ስም ይኖረዋል፣ ስሙ ማነው አለ።

እታለም፣ ያ ስም ከወጣ የቤታችን መጥፊያ ነው። ያለ ስም አይመዘገብም እያለ ብዕሩን ይዞ ይጠብቃል። አባታችን መሬት መሬት አይተው፣ እንዳለው ነው፣ አሉ። ልጃቸውን በሐሰት ስም ሊጠሩት አልቻሉም። ያህያ ዓይኑን ሳያርገበግብ ወደ ካፒቴኑ ዞሮ፣ ሰውየው ነገሩ ሁሉ እግዚአብሔር እንዳለው ነው ይላል፣ የዜማውም ስም ይኸው ነው፣ ብሎ ተረጎመለት። ካፒቴኑ ደስ አለው፤ ጽፎ ድጋሚ አስመታቸውና ሸክላው ላይ ያዘው። ስንወጣ ያህያ በጎናችን እያለፈ፣ አያ ዳኘው፣ ቀጥ ብለው ወደ ቤት ይሂዱ፣ ብቻ አለን።

ነገሩ በዚያ ያለቀ መስሎን ነበር። ካፒቴኑ ግን ሸክላውን በእንግዶች ፊት እያስመታ ስሙን ከነትርጉሙ ይናገር ኖሯል። ከእንግዶቹ አንዱ፣ ለጣልያን አድሮ በጅጋ በኩል የተሾመ ሰው፣ እንዳለው የማን ስም እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደነበረም ሳቅ እያለ ነገረው። አባታችንንና ያህያን በአንድ ገመድ አስረው አቆሟቸው። ያህያ፣ ሽማግሌው ሲያጉተመትሙ የሰማሁትን እኔ ነኝ ስም ያደረግሁት፣ እሳቸው የልጃቸውን ነገር አያውቁም፣ ወለጋ ነው ያለው ይላሉ፣ ብሎ ካደ። አባታችን እውነቱን ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ዘበኛው በሰደፍ መታቸው፤ ሁለት ጥርሳቸው የወለቀው ያን ጊዜ ነው። ያህያ ደመወዛችንን እየበላ አታለለን ተባለና ቡሬ ገበያ መካከል ሰቀሉት። አባታችንን ከሥሩ አቁመው አሳዩአቸው። ክራሩን እዚያው ሰበሩትና ለቀቋቸው። ሬሳው እስኪመሽ እንዳይወርድ ተከለከለ።

አባታችን እህል አልቀምስ ብለው ሰነበቱ። ከዚያ እትዬ ኡምሀኒ ዘንድ ውሰደኝ አሉኝ። ደጃፉ ላይ ደርሰው እግራቸው አልገባ አለ። እትዬ ኡምሀኒ ራሳቸው ወጥተው እጃቸውን ይዘው አስገቧቸው፤ አላህ ያለው ሆነ፣ ይቀመጡ አሏቸው። አባታችንም፣ ከእንግዲህ ቅኝቱ ያህያ ተብሎ ይጠራ፣ የሞተው ስለ ቅኝቱ ነውና አሉ። እትዬ ኡምሀኒ አንገታቸውን ነቀነቁ። አይሆንም አያ ዳኘው፣ የልጄ ስም ከጅማት ላይ ታስሮ በየሹሙ ደጅ አይጎተትም፣ የእርስዎስ ልጅ ስም ምን ጠቀመው፣ አሉ።

ቀጥለው ግን እትዬ ኡምሀኒ፣ እስቲ አሰሙኝ፣ አሉ። ልጄ ለምን እንደሄደ ልስማው። ጎረቤት ሄጄ ክራር ተውሼ መጣሁ። የተውሶው ክራር መቃኛ ለአባታችን ጣት ስለጠነከረ የማዞረው እኔ ነበርኩ፤ እሳቸው በራስ ንቅናቄ ያሳዩኛል። ቦታው ላይ ሲደርስ በቃ አሉ። መቱት። ጥርሳቸው ስለወለቀ ቃሉን ማውጣት አቅቷቸው ክራሩ ብቻውን ነው የተሰማ። እትዬ ኡምሀኒ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሳያለቅሱ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ሲያበቃም የሚቀጥል ነገር ያለ መስሏቸው ጠበቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ይኸው ነው? አሉኝ።

አዎ ይኸው ነው አልኳቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አባታችን ክራር አልነኩም። እዚያ ገዳሪፍ ያሉት ሰዎቻችን ቅኝቱን ቢመቱት አልከለክልም፤ ምን ብለው እንደሚጠሩት ግን እኔ አልነግርዎትም፣ አላውቅምና። ወደዚህ የመመለስ ሐሳብ ካለዎት ለጊዜው ይተዉት።

እናታችን አደይን በስሜ ሳሙልኝ ብለዋል። ዓባይነሽና ልጆቻቸው ደህና ናቸው፣ ይናፍቁዎታል። ታናሻችን ደስታነሽ ለባለቤትዎ እጅ ትነሣለች፤ እኔም እንዲሁ። አባታችንን፣ ለእህቴ ምን ልበልልዎት ብላቸው፣ ደህና ነው በላት አሉኝ።

ከቡሬ ገጠር፤ ጥር ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.
ታናሽ ወንድምዎ ሀይሉ ዳኘው