ዮርዳንካ ስለምትባለው ፕላኔቴ

ለክቡር አቶ ራሽኮ ቬልቼቭ፣ የንባብ ቤታችን የኮምፒውተር ክበብ ሊቀመንበር፣ ክበቡ በኮምፒውተር በሚጫወተው የጠፈር ጨዋታ ደግሞ የኅብረታችን የበላይ አዛዥ፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎን ተሻለዎት? የልብዎን አልጠይቅም፤ ያልተሠራበት ዕቃ ቶሎ አያረጅም።

እኔ ኔድያልኮ ዕድሜዬን ትራክተር ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ትምህርቴ ከሰባተኛ ክፍል አላለፈም፣ ብዕርም ከመፍቻ ይከብደኛል። ይህን በክበቡ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት እርስዎን የመሰለ ሰው በጓዳ ስለማይመሰገን ነው።

ባለቤቴ ዮርዳንካ ባረፈች በሁለት ወሯ ቤቴ መጥተው «አጎቴ ኔድያልኮ፣ ግድግዳ ስታይ ከምትውል ና ፕላኔት አቅና» ብለው ወሰዱኝ። ለጀማሪ የሚሆን መመሪያም በገዛ እጅዎ ጽፈው ሰጡኝ። ከአንዷ በቀር ሳላጎድል ፈጸምኩት፤ ውጤቱም እነሆ።

1. «ትልቁንና ሩቁን አትመኝ፣ ትንሹንና ቅርቡን ያዝ» አሉ። ጨዋታው ለጀማሪ ሁሉ ከሚሰጠው የቤት ፕላኔት ቀጥዬ ትንሽ፣ ውሃ ያላት ፕላኔት ያዝኩና ዮርዳንካ አልኳት። እርስዎም «ደግ አደረግህ፣ ለአክስቴ ይገባታል» ብለው ዓይንዎን ጠረጉ። ስለ እንባዎ አመሰግናለሁ፤ ከእውነተኛው አይለይም ነበር።

2. «ከመርከብ በፊት እርሻና ማዕድን» አሉ። አራት ወር ሙሉ አረስኩ፣ ቆፈርኩ። ጎተራው ሲሞላ ማን ሊበላው እንደሆነ አለመጠየቄ የራሴ ጥፋት ነው።

3. «ሁለተኛዋ ፕላኔት ራሷን ሳትችል ሦስተኛ አትጀምር» አሉ። ሦስተኛም አላማረኝ።

4. «መርከብህን ሁሉ አውጥተህ የያዝከውን ባዶ አትተው» አሉ። ይህች ጥሩ ምክር ናት፤ ባለቤቷም ቢያስታውሳት።

5. «ከጨዋታው የምትርቅበትን ሰዓት ለማንም አትንገር፣ ጠላት የሚመጣው ያኔ ነው» አሉ። እዚህ ላይ ተሳሳትኩ፣ ክቡርነትዎ። የስድስት ወሯ መታሰቢያ ሲደርስ እንደ አገሩ ሰው ሁሉ ፎቶዋ ያለበትን ወረቀት አሳትሜ በቤቴ በር ላይ፣ በአውቶቡስ ማቆሚያው፣ በዳቦ ቤቱ ግድግዳ ለጠፍኩ፤ «ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ መካነ መቃብር» ይላል። ሰው ወረቀቱን አንብቦ አበባ ይዞ መጣ። እርስዎ አንብበው ስልሳ መርከብ ላኩ። እኔ እንደ ወጉ መቃብሯ ላይ ወይን ሳፈስና ንፍሮ ሳድል እርስዎ መርከብዎን ዮርዳንካ ላይ አሳረፉ። ቤቴ ስገባ ስሟ ተፍቆ «ራሽኮ ሁለት» ተብላ ጠበቀችኝ። ጠላት ሩቅ መስሎኝ ነበር።

ብጠይቅዎ በሰው ፊት «አጎቴ፣ ጨዋታ እኮ ነው፤ ለሞተ ሰው ፕላኔት ምን ያደርግለታል?» አሉኝ፤ ክበቡም ሳቀ። ሃያ ዓመት ሙሉ ያንን የተሞላ ቃሪያዋን ሲበሉ ግን ስሟ ጠፍቶዎት አያውቅም። ሚስቴን ሁለት ጊዜ ቀበርኳት፣ ክቡርነትዎ። በመጀመሪያው ሳጥኗን ተሸክመውልኛል፤ በሁለተኛው ጉድጓዱን የቆፈሩት እርስዎ ነዎት። ለሁለቱም ምስጋናዬ ይድረስዎ፤ መጠኑን ራስዎ ይመዝኑት።

ግዛትዎ ይስፋ፣ መርከብዎ ይብዛ፣ በደጅዎ የሚለጠፈውን ወረቀት ሁሉ ለማንበብ ዓይንዎ ይበርታ እያልኩ፣ ከፕላኔቶችዎ ሁሉ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ ታዛዥ ተማሪዎ፣

ኔድያልኮ ግርጎቭ

ተጨማሪ፤ እርስዎ ማለት ደከመኝ፣ አንተ ልበልህ። የሙት ዓመቷን ወረቀትም ለጥፌ ነበር፤ «ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት» የሚለውን። ለሰዉ ግን በየቤቱ ዞሬ ዓርብ ነው ብዬ በአፌ ነገርኩ፤ የዘለልኩት ያንተን በር ብቻ ነው። ትናንት ቅዳሜ በአራት ሰዓት ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ ነበር። መርከብህን በሙሉ ወደ ቤቴ ፕላኔት ስትልክ አየሁህ፣ ተራ ቁጥር አራትን ረስተህ። አንተ እዚያ ስትገባ እኔ ጠባቂ ያልተውክላትን ዮርዳንካን ያዝኳት፤ ስሟንም መለስኩላት። የቤቴን ፕላኔት ውሰዳት፤ ያለ ዮርዳንካ ትልቅና ባዶ ናት።

ያንተን ድርሻ ንፍሮ ዓርብ ዕለት በኩባያ አድርጌ፣ ከድኜ መቃብሯ ራስጌ ትቼልህ ነበር። በወረቀቱ ሰዓት እንደ ሰው ብትመጣ ታገኘው ነበር። ትናንት ከሰዓት ሄጄ አየሁት፤ ክዳኑ አልተነሳም።