ለዓይናቸው ያስቀመጡት ገንዘብ

ጥቅምት 3፣ ማክሰኞ

ሁለት መቶ አርባ አንሶላ። ከዚያ ፎጣ። ሦስተኛዋ ማድረቂያ ዛሬም ትጮሃለች። ቀጭን ጩኸት፣ እንደ መርፌ። ማንም ስለሷ አያወራም። የምሰማት እኔ ብቻ ነኝ ወይስ ሌላውም እየሰማ ዝም ይላል?

ከእትዬ ጋር አጠፍን። እሳቸው በዚህ የሆቴል ላውንደሪ አሥራ ስምንት ዓመት ሠርተዋል፣ እኔ ሁለት። የሆቴሉ አንሶላ ትልቅ ስለሆነ ለብቻ አይታጠፍም። እሳቸው ሁለቱን ጫፍ፣ እኔ ሁለቱን ጫፍ... እንወጥራለን፣ እናጥፋለን፣ መሃል ላይ እንገናኛለን፣ የኔን ጫፍ እጃቸው ላይ አኖራለሁ። ወሬ የለም። በቀን ውስጥ ሰው አጠገብ የምደርሰው ያኔ ነው። ከዚያ መፈተሻው ጠረጴዛ ላይ ያዩታል። እድፍ ካለው ወደ ማሽን ይመለሳል፣ ከሌለው ወደ ክፍሎቹ ይወጣል።

ታላቅ እህቴ ደወለች። "በልተሃል?" "አዎ።" አልበላሁም። "ሰውስ ታገኛለህ?" "ጓደኞች አሉኝ።" ይሄኛው እንኳ ውሸት አልመሰለኝም።

ሐኪሙ ኦቲዝም ብሎ የጻፈልኝ ወረቀት ሦስት ዓመቱ ነው። ሻንጣዬ ውስጥ አለ። ከእህቴ በቀር የሚያውቅ የለም።

ጥቅምት 7፣ ቅዳሜ

ዘጠኝ ሰዓት ከሥራ ወጣሁ፣ በቀጥታ ወደ መጠጥ ቤት።

መጠጡን አልወደውም። ይመረኛል። ግን ከሦስተኛው ብርጭቆ በኋላ ድምፁ ሁሉ በጥጥ የተጠቀለለ ይመስላል። ሰው ሲያየኝ ፊቴን የት እንደማደርገው አልጨነቅም። ቀልዱ ባይገባኝም አብሬ እስቃለሁ፣ የሚያውቅብኝ የለም።

ሹፌሩ፣ ቀጭኑና ሳቂታው ወንበር ይዘውልኝ ነበር። ለእኔ! "ባንኩ መጣ!" ብለው ተቀበሉኝ። ከወጡልኝ ቅጽል ስሞች የምወደው ይሄን ብቻ ነው።

አራት ዙር ከፈልኩ። እየከፈልኩ ማንም ከወንበሩ አይነሳም።

ጥቅምት 8

አስመለሰኝ። ሸሚዜን አጠብኩ። ልብስ አጣቢ ነኝ፣ ቢያንስ እሱን እችልበታለሁ።

ጥቅምት 19፣ ሐሙስ

አከራዬ ጠዋት በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። የሁለት ወር ኪራይ። "ልጄ፣ እኔም የምኖረው በዚሁ ነው" አሉ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

የሱቁ ዱቤ አለ። ከደመወዜ ላይ ቀድሜ የወሰድኩት አለ። ያልጠየቅኩት ሰው ማን ቀረ?... እትዬ።

ውሸቱን ትናንት ወረቀት ላይ ጽፌው ነበር። "እህቴ ታማለች። ሆስፒታል ገብታለች። ስድስት ሺህ ቢያበድሩኝ።" መስታወት ፊት አሥር ጊዜ ደገምኩት። እንዳንተ ላሉ ሰዎች መዋሸት ይከብዳቸዋል ብሎኝ ነበር ሐኪሙ። ይከብዳል። ግን ይለመዳል።

ሳልጨርስ እትዬ እጄን ያዙኝ። እጄን ሲይዙኝ አልወድም። ዛሬ ግን ለመሳብ አፈርኩ። ምሳ ሰዓት ቤታቸው ደርሰው አመጡት፣ በመሐረብ የተቋጠረ። "ቁጠረው" አሉ። "ለእህትህ ይድረስላት። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው።"

ቆጠርኩት። ልክ ነበር።

ጥቅምት 21፣ ቅዳሜ

ለአከራዬ የአንዱን ወር ሰጠሁ። የቀረውን ይዤ ወደ ሱቁ ስሄድ ሳቂታው መንገድ ላይ አገኘኝ። "ባንኩ! ጠፋህ እኮ!" ጠፋህ... ለመሆኑ ስጠፋ የሚያውቅ ሰው ነበረኝ? አብሬው ሄድኩ።

ውሃ የሚወስደው እያሳሳቀ ነው ይላሉ። ሱቁ አልደረስኩም።

ኅዳር 5፣ ቅዳሜ

አሥር ሰዓት ላይ ሦስቱም ተነሱ። "ቆይ፣ መጣን" አሉ።

ሰው እየሄደ "መጣሁ" ይላል። ልጅ ሆኜ እናቴ "መጣሁ" ብላ ስትወጣ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃት ነበር። ዛሬም ጠበቅኩ። አንድ ሰዓት ሞላ። ሁለተኛው ሲጋመስ አስተናጋጇ ሂሳቡን አመጣች። የአራት ሰው። ኪሴ ውስጥ የአንድ ሰው እንኳ የለም።

"ይመጣሉ" አልኳት።

"አይመጡም።" ጠረጴዛውን ትወለውላለች። "ባንኩ የሚሉህ ለምን ይመስልሃል?"

"ስለሚወዱኝ።"

እጇን አቆመች። አላሾፈችም። "ስለምትከፍል ነው፣ ወንድሜ። ስትቀር 'ባንኩ ዛሬ ዝግ ነው' እያሉ ይስቃሉ።"

መታወቂያዬን አስይዤ ወጣሁ። ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ። መንገዱን ሙሉ አብሬ የሳቅኳቸውን ሳቆች አንድ በአንድ አስታወስኩ። ስንቱ በእኔ ላይ ነበር? ሁሉም?

ኅዳር 9፣ ረቡዕ

ኃላፊው አንሶላ አንጠልጥሎ ወረደ። መሃሉ ላይ መዳፍ የሚያህል ቡናማ እድፍ። እንግዳው አልጋውን ገልጦ ነው ያገኘው።

"እትዬ፣ በዚህ ወር ሦስተኛው ነው! አራተኛ ካየሁ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ፣ ይቅርታ።"

"አላየሁትም፣ ልጄ።"

"እንዴት አይታይም? ይሄ እኮ ከመንገድ ማዶ ይታያል!"

ምሳ ላይ ጠየቅኳቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ዙሪያ ጥምጥም ይሄድ ነበር፣ እኔ አልችልበትም። "ለምንድን ነው የማያዩት?"

"የዓይን ሞራ ነው። ሁለቱም። ጭጋግ ውስጥ እንደ መኖር በለው።" ድምፃቸውን ቀነሱ። "ለኦፕራሲዮን ኅዳር ሁለት ቀጠሮ ነበረኝ። አሳለፍኩት።"

"ለምን?"

"ገንዘቡ ሌላ ቦታ ዋለ።"

የት ብዬ አልጠየቅኩም። እኔ መቼም ሳልጠይቅ የማልፈው ነገር የለም። ይሄን አለፍኩት።

"እህትህስ ተሻላት?"

"ተሻላት" አልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ኅዳር 10

ሥራ አልሄድኩም። ክፍሌ ውስጥ ለብቻዬ ጠጣሁ። ለካ ጓደኛም ሰበብ ነበር።

ኅዳር 11

ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ኅዳር 17፣ ሐሙስ

ሳምንቱን አንሶላዎቹ እሳቸው ጠረጴዛ ሳይደርሱ እየፈተሽኩ ሰነበትኩ። እድፍ ያለበትን ዝም ብዬ ወደ ማሽን። ሰባት አገኘሁ። ዕዳው በዚህ የሚከፈል ይመስል።

ዛሬ እህቴ መጣች። ስልኳን አላነሳ ብያት ነው። የምግብ ዕቃ ይዛ የላውንደሪው በር ላይ ቆመች። "እህቱ ነኝ" አለች።

እትዬ ድምፁን ተከትለው ሄደው አቀፏት። "ተመስገን! ተሻለሽ ወይ የኔ ልጅ? ከሆስፒታል መቼ ወጣሽ?"

"እኔ? የምን ሆስፒታል?"

ማሽኖቹ ሁሉ እየዞሩ ነበር። እኔ ምንም አልሰማሁም። እህቴ አየችኝ። እትዬም ወደ እኔ ዞሩ... ፊቴ ለእሳቸው ጭጋግ ነው፣ እንኳን አላዩኝ ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ብዬ አሰብኩ! ለራሴ ብቻ ስጽፈው እንኳ ያሳፍራል።

"ታማለች ብለኸኝ ነበር" አሉ፣ ቀስ ብለው።

"ውሸት ነው።"

ወደ ጠረጴዛቸው ተመለሱ። ቀኑን ሙሉ አንሶላውን ከልብስ ተኳሿ ጋር አጠፉ።

ውጭ፣ ደረጃው ላይ፣ እህቴ "የት አደረግከው?" አለች።

"ጠጣሁት። ሰውም አጠጣሁበት።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ሁለት ዓመት።"

ሰው ሲያለቅስ ምን እንደሚደረግ አላውቅም። የምግብ ዕቃውን ከፍቼ አቀረብኩላት። እያለቀሰች ሳቀች። "ላንተ እኮ ነው ያመጣሁት፣ አንተ ቂል።"

ኅዳር 24፣ ሐሙስ

ስድስት ቀን ሳልጠጣ። እህቴ ክሊኒክ ወሰደችኝ። የኦቲዝሙንም ወረቀት ከሻንጣው አውጥታ ለክሊኒኩ ሐኪም ሰጠች። በየሳምንቱ ልመጣ ነው።

ለእትዬ ይቅርታ ጻፍኩ። አፌ ስለሚተሳሰር ምሳ ሰዓት ሳሙና መጋዘኑ ውስጥ ከወረቀት አነበብኩላቸው። መጨረሻው ላይ ስደርስ ወረቀቱን ዝቅ አደረግኩት።

"ጨረስክ?"

"አንድ መስመር ይቀራል።"

"እሱንም አንብበው።"

"ከደመወዜ ላይ ኃላፊው በየወሩ አንድ ሺህ እየቆረጠ ለእርስዎ ይስጥ። በእኔ እጅ አይግባ።"

የሳሙና ጆንያ ላይ ተቀመጡ። "ሰምቻለሁ። ግን ተቆጥቻለሁ። ገና ብዙ ጊዜ እቆጣለሁ። ይገባሃል?"

"ይገባኛል።" ደግሞም ገባኝ። ሰው ሁሉ እንዲህ አፍ አውጥቶ ቢነግረኝ...

ከዚያ አብረን ኃላፊው ጋ ገባን። ሞራውን ራሳቸው ተናገሩ። እኔ ደግሞ ዓይናቸው እስኪታከም ጠረጴዛውን ልያዝላቸው አልኩ። ገንዘባቸውን ለምን እንዳልታከሙበትም ተናገርኩ። ማንም ሳያስገድደኝ። ኃላፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ይሄን ሁሉ ስትሸከሙ እኔ እዚህ አልነበርኩም?" አለ። ሁለታችንም አቀረቀርን።

ታኅሣሥ 11

ጠጣሁ። ሃያ ሦስት ቀን ሞልቶኝ ነበር። እሑድ ነው፣ ክፍሉ ጭር አለብኝ። ማንም አልደወለልኝም ልል... እኔስ ለማን ደወልኩ?

ታኅሣሥ 12

ለእህቴ ራሴ ነገርኳት። ሳትጠይቀኝ። አፌ ውስጥ ድንጋይ የያዝኩ ነበር የሚመስለኝ።

"እሺ" አለች። "ዛሬስ?"

"ዛሬ አልጠጣሁም።"

"በቃ። የጠየቅኩህ የዛሬን ነው።"

ጥር 2

መታወቂያዬን ከመጠጥ ቤቱ ላወጣ ሄድኩ። ጠዋት፣ እህቴ በሩ ላይ ቆማልኝ። ሹፌሩ ውስጥ ተቀምጧል። "ባንኩ! ና ቁጭ በል እንጂ!"

"ከስሯል" አልኩ። ማንም አልሳቀም። ቀልድ መሆኑን አላወቁም መሰለኝ። አስተናጋጇ ብቻ ፊቷን አዞረች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጥር 26፣ ረቡዕ

እትዬ ቀኝ ዓይናቸውን ኦፕራሲዮን ሆነው ዛሬ ሥራ ገቡ። ለሕክምናው የጎደለውን እህቴ ናት የሞላችው። አሁን ለእሷም ዕዳ አለብኝ።

በሩ ላይ ቆመው ዙሪያውን አዩ። "ይሄ ግድግዳ እንዲህ የቆሸሸ ነበር እንዴ? ነጭ መስሎኝ ነበር እኮ የምኖረው!" ሁሉም ሳቀ። እኔም፣ ገብቶኝ።

ከዚያ እኔን አዩኝ። እንደ አንሶላ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። መሬት መሬት አየሁ። አሁን ፊቴ ይታያቸዋል። ከክምሩ ላይ አንድ አንሶላ ሳቡና ጫፉን ዘረጉልኝ። "ያዝ እስቲ።"

አጠፍን።

የካቲት 14፣ እሑድ

እትዬ ለምሳ ቤታቸው ጠሩኝ። ልጃቸው፣ ባሏና ሦስት የልጅ ልጆች። ቴሌቪዥኑ ላይ ኳስ ጨዋታ፣ ልጆቹ ከኳሱ በላይ፣ ትልልቆቹ ከልጆቹ በላይ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራል። ሳህን ይንኳኳል። አሥር ደቂቃ ቻልኩ። ከዚያ ጣቶቼ መነካካት ጀመሩ።

እውነቱን ልጻፍ፣ መጠጥ አማረኝ። አንድ ብርጭቆ ቢኖር ይሄ ሁሉ ጸጥ ይል ነበር። አለዚያም ሽንት ቤት ልሂድ ብሎ በዚያው መጥፋት። ሌላ መንገድ አላውቅም።

"ይቅርታ" አልኩ። ድምፄ ከልክ በላይ ወጣ። ሁሉም ዞሩ። ጆሮዬ ድረስ ነደድኩ። "ቴሌቪዥኑን ብትቀንሱልኝ። ኦቲዝም አለብኝ... ድምፅ ሲበዛ ይጨንቀኛል። የምጠጣውም ለዚያ ነበር።"

የመጨረሻውን ማን ጠየቀኝ?

አማቻቸው ሪሞቱን አንስቶ ጭራሽ ዘጋው። "ተባረክ፣ ሦስት ለባዶ እየተመራን ነበር" አለ። ልጃቸው ልጆቹን ወደ ግቢው ላከች። እትዬ ሳህኔ ላይ ምግብ ጨመሩ። ወሬው ቀጠለ፣ አሁን አንድ በአንድ።

ከእትዬ ዕዳ ሦስት ሺህ ገና ይቀረኛል። የእህቴን አልጀመርኩትም። ካልጠጣሁ ስድሳ ሦስት ቀን። ሰው ቤት፣ የማንንም ሂሳብ ሳልከፍል፣ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። ኀፍረቱ አልለቀቀኝም፣ አጠገቤ ተቀምጦ አብሮኝ ይበላ ነበር።

ልሄድ ስነሳ ሁሉም "ቆይ እንጂ፣ ምን ያስቸኩልሃል?" አሉ። ይሄን ሰው ለወግም ይለዋል፣ ከልቡም ይለዋል። ለይቼው አላውቅም። ስለዚህ ጠየቅኳቸው።

እትዬ አንዷን ዓይናቸውን ጨፍነው በዳነችው አዩኝ። "ከልባችን ነው" አሉ።

ተመልሼ ተቀመጥኩ።