ሣር ክዳን ቤት አይደለም ላሉን ክቡር ኃላፊ

ለብድር ተቋሙ ኃላፊ
መሐል ሜዳ

ብዕሩን የያዘችው ልጄ እፀገነት ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ የጌጡ ወልደ አማኑኤል ነው። ቃሌን ልታለዝብ ስትል ወለሉን በዱላዬ እመታለሁና አይጠራጠሩ።

ክቡርነትዎ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ወንበርዎ፣ በተለይም ማኅተምዎ ደኅና ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ውርጩም እርስዎም ሳትጥሉን ደኅና ነን።

አንደኛ፤ በከተማው ዳር አራት ክፍል የኪራይ ቤት በድንጋይ አቁሜ የቆርቆሮ መግዣ ብድር ብለምንዎ፣ ጣራ የሌለው ቤት መያዣ አይሆንም ብለው ስለመለሱኝ አመሰግናለሁ። ጣራማ ቢኖረው ደጅዎን ምን ሊያስጠናኝ!

ሁለተኛ፤ በአራጣ አበዳሪው በአቶ ምንይሉ እጅ ስለጣሉኝ ምስጋናዬ ይድረስዎ። እሳቸው እንደ እርስዎ ነገ ተመለስ አያውቁም። ቤቱን የሸጥኩላቸው አስመስለው ውል አስጻፉና አውራ ጣቴን ቀለም አስነከሩኝ፤ እስከ ፋሲካ ካልከፈልኩ ቤቱ የእሳቸው ሊሆን። ወለዱን አስቀድመው ስለቆረጡት፣ የተረፈው ለእንጨትና ለበር አልቆ ቆርቆሮው ሕልም ሆኖ ቀረ።

እኔም የአባቶቼን ጣራ አሰብኩ። የጣራ ሣር የምናጭድበት የጋራ ተራራችን ጓሳው ለአጨዳ ሲከፈት ባለቤቴ ጥሩሸዋ ጠላ ጠመቀች፣ ሰፈሩ በደቦ ወጣ፣ አጭደን ከደንነው።

ሦስተኛ፤ ይህ ይቅር ትላለች ልጄ፤ አይቀርም። አሁንስ ጣራ አለኝ፣ የምንይሉን ዕዳ በእርስዎ ቀላል ወለድ ልገላገል ብዬ ስመለስ፣ ባለሙያዎ አቶ ትዕዛዙ መጥተው፣ ሽቅብ አንጋጠው፣ ይህ ሣር እንጂ ቤት አይደለም ብለው ጻፉ። እውነትም በጎቼ ሲያዩት ምራቃቸውን ውጠዋል፤ ከባለሙያዎ ጋር አንድ ሐሳብ ናቸው።

የእኔስ አለፈ፤ እንዴት እንዳለፈ ከታች ያገኙታል። ከኋላዬ ያሉ ጎረቤቶቼ ግን ግድግዳ አቁመው ሰማይ ሰማይ ያያሉ፤ ምንይሉ ደግሞ እነሱን ያያል። ስለዚህ ጓሳ የለበሰ ቤት ቤት ነው ብለው አንድ መስመር እንዲጽፉልን በትሕትና፣ ልጄ እንደምትለው በትሕትና፣ እለምናለሁ።

ለማኅተምዎ ቀለም እየጸለይኩ፣ ያለ ዋስና ያለ መያዣ የማከብርዎ፣
ጌጡ ወልደ አማኑኤል (አውራ ጣት)

ማስታወሻ፦ አቶ ትዕዛዙ በቆርቆሮ ቤታቸው ብርዱ አጥንታቸውን ቢሰብረው፣ በሁዳዴ መጥተው ከዚያ ቤት ካልሆነው ቤት አንዱን ክፍል ተከራዩ። ሞቃቸው መሰለኝ፣ ሁለት የቢሮ ጓደኞቻቸውንም አመጡ፤ ሁሉም የዓመቱን ኪራይ ቀድመው ከፈሉ። ሁለት ሙክት ሸጬ ጨመርኩበትና ዕዳውን ከፍዬ ለሆሣዕና የምንይሉን ውል ቀደድነው። አራተኛውን ክፍል ለእርስዎ አስቀርቻለሁ። ብቻ ደንብ ነውና ሁለት ዋስ ይዘው ይምጡ፤ ጓሳ ማጨድ የሚያውቁ።

በይ እፀገነት፣ መልሰሽ አንብቢልኝ። «ክቡር» ያልሽው ላይ ስትደርሺ ቀስ በይ፤ ልስቅበት።